የእማማ አያለች ጩኸት

ኢላይ ቤተሰቡ አሮጌ ሰፈሩን ለቆ ካርሜ ጋት ወደሚባለው አዲስ የእስራኤል ሰፈር ከገባ ጀምሮ አንድም የጨዋታ ጓደኛ አላገኘም። ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ አሳንሰሩ ውስጥ ካለው መስታወት ጋር ማውራት ጀምሯል። እህቱ ማአያን "ይሄ ልጅ እንዲህ ከቀጠለ ፍሪጁን ነው የሚያገባው" ስትል አባቷ ስመኘው አልሳቀም። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ እንቅልፉን እንኳ ሳይጠግብ፣ ዳቦ በፌስታል ቋጥሮ ሁለቱንም ከፎቁ ሥር ወዳለው መጫወቻ ይዟቸው ወረደ።

መጫወቻው አዲስ ነው፤ መሬቱ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል። ኢላይ ዮጌቭ ከሚባል ልጅ ጋር አሸዋ መዛቅ ጀመረ። ስመኘው ደስታው ቅጥ አጣ። እሱ ባደገበት አገር የሰው ልጅ ቆሞ እያየ ለራስ ልጅ ብቻ መቁረስ ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዮጌቭን አጎረሰው።

"ምን ሰጠኸው?!" የልጁ እናት ሊሞር ከአግዳሚው ተስፈንጥራ መጣች። በጣቷ የልጇን አፍ ፈልቅቃ ጉርሻውን አወጣችው። "አለርጂ አለበት! ደግሞስ የማላውቀው ሰው ልጄን በእጁ ያጎርሰዋል?"

"ዳቦ ነው" አለ ስመኘው፤ ያለው ዕብራይስጥ ሁሉ ያ ብቻ ይመስል። "ይቅርታ።"

ማአያን መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ የልጇን ከንፈርና ምላስ ደጋግማ ስትመረምር አየችና ዋጠችው። ሊሞር ልጇን አቅፋ ሄደች፤ ሌሎቹም እናቶች የየራሳቸውን ሰበሰቡ። ኢላይ አካፋውን እንደያዘ ብቻውን ቀረ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁበት። ሁለተኛ እዚህ አልወርድም" አለ አባቷ።

"ታዲያ የት ይጫወት? አሳንሰር ውስጥ?"

ማአያን በአንድ እጇ አባቷን፣ በሌላው ኢላይን ይዛ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ጎተተቻቸው።

ቀድሞ የኖሩበት አሮጌው ሰፈር ግድግዳው እንደተላጠ፣ ልብሱ በየመስኮቱ እንደተሰጣ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። የወደቀውን ያየች እናት ታነሳዋለች፤ ያጠፋውን ያየች ጆሮውን ትቆነጥጠዋለች። የራበው ደግሞ ቅርብ ያለውን በር ያንኳኳል። ማአያን ጉልበቷ የደማ ጊዜ ጎረቤቶች ተሻምተው አጥበዋት፣ የገዛ እናቷ የሰማችው ማታ ነው።

አሁንም ልጆች ኳስ ይጠልዛሉ። ኢላይ ዳር ቆሞ ያያል።

"እናንተ! የቀትር እረፍት ሰዓት መሆኑን አታውቁም? ሰው ይተኛበት!" የሚል ጩኸት ከላይ ወረደ። እማማ አያለች ናቸው፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ግማሽ ገላቸው ከመስኮት ወጥቶ። "ያ ዳር የተገተረው ደግሞ የማን ነው?"

"የኔ ነው እማማ!" አለ ስመኘው።

"ስመኘው? አንተ የጠፋህ ሰው! ልጁ ለምን ይቆማል ታዲያ? እናንተ፣ እሱንም አስገቡት! ግን ሳትጮኹ!"

"እማማ፣ እርስዎ ይተኙ እንጂ!" አለች ማአያን።

"አንቺ ምላሳም! ቁመት ብቻ ጨመርሽ?"

ልጆቹ ኢላይን ግብ ጠባቂ አደረጉት። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ መካከል ሾልካ ገባች። ሁሉም ጮኹበት፤ እሱም የአንገቱ ሥር እስኪገተር መልሶ ጮኸባቸው። ስመኘው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲሰደብ እየሰማ ይስቃል።

"ነገ ከትምህርት ስትወጪ" አለ ለማአያን፣ "ይዘሽው ቀጥታ እዚህ ነይ።"