የአሥራ አምስት ቀን ቆጠራ

በእኛ ሱቅ ገንዘቡን ቶሎ የሚያገኘው ዝም ያለ ሰው ነው። አሠራሩ እንዲያ ስለሆነ እንጂ ለመፎከር አይደለም የምናገረው። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያና ቴሌቪዥን እንሸጣለን። እኔ የምቀመጠው ከኋላ፣ ከመጋዘኑ በር አጠገብ፣ «ተመላሽ ዕቃ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት መስኮት ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሻጮች ሽቶ ተቀብተው ፈገግ ይላሉ። በፈገግታ የሸጡት ዕቃ ሲበላሽ ሰዉ ወደ እኔ ይላካል።

ከደረሰኛችን ጀርባ እንዲህ ተጽፏል፦ ጉድለት ያለበት ዕቃ የመለሰ ደንበኛ ገንዘቡ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ሕጉ ስላስገደደን እንጂ ወደን ያተምነው አይደለም። ነገር ግን አሥራ አምስቱ ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ደረሰኙ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው ሥራ አስኪያጃችን ነው። ሰውየውን «ይጣራል» ብለን ነው የምንጠራው፤ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ ይህችው አንዲት ቃል ናት።

የይጣራል አሠራር ቀላል ነው። ክፍያ ክፍሉ የሚከፍለው አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ማንም ያልነካውን ፋይል ብቻ ነው። ደንበኛው መጥቶ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ካለ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ እኔም ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን በላጲስ አጥፍቼ የዕለቱን በእርሳስ እጽፋለሁ። ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ደንበኛው ይዞት በሚሄደው ኮፒ ላይ ይህ የትም አልተጻፈም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ቤቱ የተቀመጠው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ገንዘቡን ይቆጥራል፤ መብቴ ነው ብሎ የሚመላለሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ እያለ ይኖራል። ለደንበኛ መናገር ክልክል ነው። ከእኔ በፊት እዚህ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ የተባረረችው ለአክስቷ ነግራ ነው።

መምህሩ የመጡት የሙቀቱ ወራት ሲጀምሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ከእኛ የገዙት ፍሪጅ በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዝ አቆመ። ቴክኒሻናችን ከፍቶ አየውና ቱቦው ከፋብሪካው ሲወጣም የተሰነጠቀ እንደነበር ጻፈ። ጥፋቱ የሱቁ ነው፤ ክርክር የለውም። ፍሪጁ መጋዘን ገባ፤ እሳቸው ደረሰኛቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ፍሪጁን የገዛሁት ለባለቤቴ መድኃኒት ነበር» አሉኝ። «ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗ በዚህ ሙቀት ውጭ ሊቀመጥ አይችልም። ያለኝን ሁሉ እዚህ ነው ያስገባሁት፤ ይህ ካልተመለሰልኝ ሌላ መግዣ የለኝም።»

«ይገባኛል። አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃሉ።»

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው የሚለው።»

«ያው ነው፣ ጋሼ።»

«ያው አይደለም። እስቲ አንብቢው» ብለው ደረሰኙን ገልብጠው በመስኮቱ አስገቡልኝ። «ጮክ ብለሽ።»

ከኋላቸው ሰባት ሰው ተሰልፏል። አነበብኩ። «አሁን 'ውስጥ' ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። በሠላሳ ዓመቴ እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ተነሽ አንብቢ ተባልኩ። ደሜ ፈላ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ያኔም ገብቶኛል፤ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱትን ነው ያደረጉት። እኔ ግን ያንን ሳቅ ቤቴ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ፤ በማግስቱ ስመለስ መምህሩ ጥርሴ ውስጥ ገብተው ነበር።

በአምስተኛው ቀን መጡ። «ለማስታወስ ያህል ነው» አሉ። ቅጽ ሰጠኋቸው። ደስ አላቸው።

«ሁሉም ነገር በጽሑፍ ሲሆን ጥሩ ነው» አሉ። «ሰው ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም።»

ቀን፣ ሰዓት፣ ጉዳይ፣ ፊርማ፤ አንድ ፊደል ከመስመር አልወጣችም። ኮፒያቸውን ተቀብለው በእጃቸው በያዙት የፕላስቲክ ፋይል ውስጥ አስገቡት። ዞር ሲሉ ላጲሴን አነሳሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሲከፈት ቆመው ነበር። «ዛሬ ነው ቀኑ» አሉ። ገና አለመድረሱን ነገርኳቸውና ሌላ ቅጽ አቀረብኩ። መድኃኒቱን የት እንዳስቀመጡት ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በሰፈራቸው ፍሪጅ ያለው አንድ ኪዮስክ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ለስላሳ በሚያቀዘቅዝበት ውስጥ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ግን መብራት ለመቆጠብ ማታ ያጠፋዋል። ሐኪም ቤቱ የሚሰጣት የወር መድኃኒት በአንዴ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። ይህን ሁሉ ቅጹ ላይ «ጉዳይ» በሚለው ስር አሳጥረው ጻፉት። ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት። እኔም ሽፋኑ ላይ ቀኑን አደስኩ።

ከዚያ የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ቅጾቻቸውን አገላብጣ «እንዲህ የተሟላ ማስረጃ አይቼ አላውቅም» ብላ አመሰገነቻቸው አሉ። ሳምንት ቆይቶ ባለ ማህተም ደብዳቤ መጣልን፤ የደንበኛው ገንዘብ በሕጉ መሠረት ባስቸኳይ እንዲመለስ ይላል። ይጣራል ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና ወደ እኔ ገፋው።

«ፋይሉ ውስጥ ይግባ» አለኝ። «ደብዳቤም እንቅስቃሴ ነው።»

«እንደገና ከአንድ?»

«ታዲያ ከስንት ልትጀምሪለት ኖሯል? እንደዚህ ሰውዬ ዓይነት ደንበኛ በረከት ነው። አሥር ቢኖሩን የወሩን ደሞዝ በነሱ ገንዘብ ከፍለን እናድር ነበር።»

ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለአለቃ የሚሳቅ ሳቅ ነው እንዳልል ከልቤ ነበር።

ምሳ ላይ ቴክኒሻኑ «ምናለ ሰውዬውን ሁለት ሳምንት ቤትዎ ይቀመጡ ብትያቸው?» አለኝ።

«አንተ በላቸው።»

«እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም የቤት ኪራይ አለብኝ።»

ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን በላን። እውነቱን ለመናገር ኪራዩ ሰበብ ነበር። በጆሯቸው ብነግራቸው ማንም አይሰማም ነበር። ያልነገርኳቸው የዚያ ቀን ሳቅ ገና ስላልወጣልኝ ነው፤ ደግሞም እኚህ ሁሉን አዋቂ ሰው ሳያውቁ ሲመላለሱ ማየት ይጥመኝ ጀምሯል። በየቀኑ የሚሰደብ ሰው እንዲህ ዓይነት ምግብ ያገኛል።

ደብዳቤው በመጣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሰኞ ዕለት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ወፍራም፣ ፊታቸው የገረጣ ሴት ናቸው። አንድ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነጠላ ጫማ ተጫምተዋል። ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ነው የመጡት። መምህሩ ከመጋዘኑ የፕላስቲክ ወንበር ለምነው አመጡና መስኮቴ ሥር አስቀመጧቸው።

«አንቺ ነሽ ልጅቷ?» አሉኝ ሴትየዋ ቀና ብለው። «ስላንቺ ሁሌ ያወራልኛል። ቅጽ ስጠይቃት ፊቷን አታጠቁርብኝም ይላል።»

ፋይላቸውን ከመደርደሪያው አወጣሁ።

«እሱ ወረቀት ካለ ሁሉም ነገር ያለ ይመስለዋል» ብለው ወደ ባላቸው በአገጫቸው አሳዩኝ። «ስንጋባም ደብዳቤ ነው የጻፈልኝ፤ ጎረቤታሞች ሆነን። እኔ እንኳ የመጣሁት ልለምንሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ባለ ኪዮስኩ አርብ ዘግቶ ወንድሙ ጋ ሊሄድ ነው፤ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጁንም ያጠፋዋል። ከአርብ በፊት ይደርስልናል ትያለሽ?»

ፋይሉ እጄ ላይ ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ። ማንም ካልነካው ረቡዕ ይሞላል፤ ሐሙስ ጠዋት ገንዘቡ ይወጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍሪጅ ገዝተው ቤታቸው ማስገባት ይችላሉ። ይጣራል በዚያን ቀን ሥራ አልገባም። ሰልፍም አልነበረም። ቴክኒሻኑ መጋዘን ውስጥ የሆነ ነገር ይቀጠቅጥ ነበር። የሚሰማን ሰው አልነበረም።

«ዛሬም ልፈርም?» አሉ መምህሩ ብዕራቸውን እያወጡ።

«ይፈርሙ» አልኩ።

ቀለሙ አልወርድ አላቸውና የእኔን ብዕር አቀበልኳቸው። ጻፉ፣ ፈረሙ። ባለቤታቸው በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው እጄን ጨበጡኝ። እጃቸው ይተኩስ ነበር። ከሄዱ በኋላ ፋይሉን ብዙ ሰዓት ሳልነካው ቆየሁ። ቅጹን ቀዳድጄ ብጥለው ማን ያውቃል? ማንም። ከመውጣቴ በፊት ቀኑን አደስኩ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ አልመጡም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ። ሰልፉን ስቃኝ ያን እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ እፈልግ ነበር፤ ምን ልላቸው እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ክፍያ ክፍሉ ፋይሉን አወጣ። በስልካቸው መልእክት ተላከ፦ ገንዘብዎ ዝግጁ ነው፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን።

ከአራት ቀን በኋላ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ጺማቸው አድጓል፤ ነጭ ነው።

«ባለቤቴ አረፈች» አሉኝ። «ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ኪዮስኩ አርብ ተዘጋ። መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩት። ተበላሽቶ ኖሯል። እኛ ስንወጋት የሠራ መስሎን፣ ስኳሯ ወጣ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት አልነቃችም።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ክፍል ውስጥ የሚያስረዱ ነበር የሚመስሉት። ገንዘቡን ቆጥሬ አስቀመጥኩላቸው። አልነኩትም።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አሉ። «ስመላለስ እንቢ ያለው፣ ስቀር እንዴት ተከፈለኝ?»

ይጣራል ቢሮው ውስጥ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። «ይጣራል» ብዬ ላልፋቸው እችል ነበር። ሰው መሆን ያንን ነበር የሚጠይቀው፤ ሳያውቁ መሄድ ነበረባቸው። እኔ ግን ነገርኳቸው። ስለ አሥራ አምስቱ ቀን፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ላጲሱ፣ ስለ ሸማቾች ቢሮው ደብዳቤ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ለአንድ ደቂቃ ያህል አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ነውሬን አልደብቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የፕላስቲክ ፋይላቸውን ከፍተው ኮፒዎቹን መስኮቱ ላይ ደረደሩ። የመጨረሻውን አነሱት።

«እሷ የመጣችበት ይሄ ነው። ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?»

«ሁለት።»

«ሐሙስ ይከፈለኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ስድብ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ፣ መስታወቱን ቢመቱት ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከሌሎቹ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«እየተመለስን አውቶቡስ ላይ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «'ልጅቷ ደክሟታል፤ ሌላ ጊዜ ስትሄድ አትቆጣት' አለችኝ።»

አፈርኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። በእሱ ፈንታ እጄ የክፍያ ማረጋገጫውን ወረቀት ገፋላቸው። «ገንዘቤን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተቀብያለሁ» ይላል። መምህሩ አነበቡት። የማይፈርሙ መስሎኝ ነበር።

«ለቀብሯ የተበደርኩት አለ» አሉና ፈረሙ። ፊደሎቹ አልተስተካከሉም፤ አንዱ ከመስመር ወርዶ ነበር።

ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱ። ቅጾቹን መስኮቱ ላይ ትተዋቸው ሄዱ። ይጣራል ከቢሮው ወጥቶ ከኋላዬ ቆመና ማረጋገጫውን አየ።

«በጊዜው ተከፍሏል» አለ። «ለሸማቾች ቢሮ ኮፒ ላኪላቸው።»

ያኔ ገና የገባች አንዲት ሴት ወደ መስኮቱ ቀረበች። ምድጃዋ መለኮስ አቁሞ ነው፤ ልብስ የምታጥብ ይመስለኛል፣ የጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል። ደረሰኟን ተቀብዬ ፋይል ከፈትኩላት።

«ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አለችኝ።

«አሥራ አምስት።»

«ከዘገየ መጥቼ ብጠይቅ ችግር የለውም አይደል?»

መምህሩ ገና መውጫው ላይ ናቸው፤ ከባዱን በር በትከሻቸው እየገፉ። ይጣራል ከኋላዬ አልሄደም፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«ይምጡ» አልኳት። «መብትዎ ነው።»