ሳያዩ መበተን

አትክልተኛው ዕድሜ ልኩን ገመድ ወጥሮ በመስመር የተከለ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ ገመዱን አስጣለችው። በጸደይ የሚያብቡት ቢጫ አበቦች ከሣሩ መሐል በራሳቸው የበቀሉ እንዲመስሉ ፈልጋ፣ ኮረታቸውን፣ ያንን ሽንኩርት የሚመስል ሥራቸውን፣ ሳያይ ወደ ኋላው በትኖ በወደቀበት እንዲቀብረው ነገረችው። የቤቱ ምግብ አብሳይ ታናሽ እህቱ ናት። ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። ጋሼ ጫማውን እንኳ ሳያሰልፍ እንቅልፍ አይወስደውም ብላ ለአረጋውያኑ ሁሉ አወራችበት።

የአበባ ኮረት ጨለማና ደረቅ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ጆንያውን እሷ ጓዳ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን አስቀመጠው። ምልክት አድርግበት ብትለው፣ የገዛ ዕቃዬ አይጠፋኝም ብሎ ተቆጣ።

ትናንት ሣሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተከለ። ዛሬ ማለዳ ሳሳ ያለውን ሊሞላ ጓዳ ገባና በዳበሳ አንዱን ጆንያ ተሸክሞ ወጣ። ጀርባውን ለሣሩ ሰጥቶ እፍኝ እፍኙን በተነ። ከዚያ ተንበርክኮ መቅበር ያዘ። ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ እንጂ እጁ ላይ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ መኮትኮቻው አንዱን ሰነጠቀው። ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው። አንስቶ አሸተተ። ሽንኩርት ነው። ሌላ አነሳ፤ እሱም ሽንኩርት።

ክው አለ። ሽንኩርቱ እዚህ ካለ፣ ጓዳ የቀረው ኮረቱ ነው። ኮረቱ መርዝ ነው። ጎረምሳ ቢበላው ይጥለዋል፤ እዚያ ቤት ያሉት ደግሞ ጉንፋን የሚጥላቸው ሰዎች ናቸው።

የምሳው ደወል ተደወለ።

ጉልበቱን ረስቶ ሮጠ። መመገቢያው ክፍል ሲደርስ ሾርባው ቀርቦ ይጨሳል። በር አጠገብ የተቀመጡት ጡረተኛ ሾፌር ማንኪያቸውን አንስተዋል። በጭቃ እጁ ክንዳቸውን ለቀም አደረገው።

"አባቴ፣ ያስቀምጡት። ማንም እንዳይቀምስ።"

እህቱ ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

"ሽንኩርቱን ስትከትፊ አስለቀሰሽ?" አላት።

"ኧረ አላስለቀሰኝም። ዛሬስ ተገላገልኩ ብዬ ጨመርኩበት እንጂ።" ፊቱን አየችና ድምፅዋ ወረደ። "ምን ሆነሃል፣ ጋሼ?"

"ቀምሰሻል?"

"ሳልቀምስ መቼ አቅርቤ አውቃለሁ?"

ሳህኖቹ ሳይነኩ ተሰበሰቡ። ማስመለሱ ወዲያው ጀመራት። ሐኪም ተጠርቶ ሲመጣ አትክልተኛው የክፍሏ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ግባም አላሉት፤ ሂድም አላሉት። ከውስጥ ስታቃስት ይሰማታል። በጥፍሩ ውስጥ ያለውን አፈር እየጎረጎረ ምልክት አድርግበት ያለችው ቃል ተመላለሰበት። ሐኪሙ ሲወጣ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። የቀመሰችው ጥቂት ስለሆነ ይለቃታል አለው። ያኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ሥራው ግን አላለቀም። ሣሩ ውስጥ ሽንኩርት በቅሎ ያየ ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ኮረት ሁሉ ሽንኩርት ነው ብሎ ነቅሎ ይበላዋል። የትኛው የት እንደወደቀ ደግሞ አላየም። ገመዱን አምጥቶ ሣሩ ላይ ወጠረና በመስመር በመስመር እየቆፈረ፣ አንድ በአንድ እያሸተተ ሽንኩርቱን ለየ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፎቁ ላይ መስኮት ተከፈተ። እህቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቁልቁል ታየዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ" አለች በደከመ ድምፅ፣ "ገመዱ ጠሟል።"

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ችካሉን ነቅሎ አቃናው።