ቀይ ወገብ

ከኩዌት የተመለስኩት በለውጡ ሰሞን ነው። ልጄ መስኡዳ ስታየኝ እንግዳ ሰው መስያት እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ያን ቀን፣ ሁለተኛ ከከተማችን ከሐይቅ አልወጣም ብዬ ማልኩ። ጦርነቱ መጥቶ ሲሄድም አልወጣሁም። በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ እንደገና ሲከፈት ጨርቅ ቆራጭ ሆኜ ገባሁ። ከልጄ ጋር የምታኖረኝ ይቺው ሥራ ነበረች።

የድሮዎቹ ጠረጴዛዎች በጦርነቱ ተዘርፈዋል። ምትካቸውን የበየደው ሰው ለማን ቁመት እንደሠራቸው አላህ ይወቅ፣ ጭናችን መሀል ላይ ይቀራሉ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሰን ስንቆርጥ ለሚያየን አጫጆች እንመስላለን። አጨዳ እንኳ ወቅት አለው፤ የእኛ ዓመቱን ሙሉ ነው።

አስረስ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከኮምቦልቻ መጣ። ስንሠራ በካሜራ ቀረጸን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ከቪዲዮው እያንዳንዳችንን በሰው ቅርጽ ይስልና የሚጎዳ አካላችንን ቀለም ይቀባል። ስለምናጎነብስ የሁላችንም ወገብ ቢጫ ወጣ፤ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ቀይ የሚሆነው ሠራተኛዋ ራሷ «ያመኛል» ስትል ነው። ቀዩ ከበዛ ጠረጴዛዎቹን ከፍ አስደርጋለሁ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቷል።

አስረስ አንድ በአንድ ጠየቀን። አብራኝ የምትቆርጠው አሚናት ከፊቴ ነበረች።

«ወገብሽን ያምሻል፣ እህቴ?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«ማለቴ፣ ማታ ቤት ስትገቢ…»

«አልሀምዱሊላህ አልኩህ እኮ! በጌታዬ ላይ ላማርር ነው?»

ከጎናችን የምትቆርጠው ስህንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላው አለፈች። ልጁ ጨነቀው፤ አሳዘነኝ። እኛ ዘንድ ምስጋናው ይቀድማል። ሕመሙ የሚወጣው ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ነው፣ ያውም ለቅርብ ሰው። የፕሮግራሙ ጥያቄ ደግሞ አንዴ ተጠይቆ ያልፋል።

ተራዬ ሲደርስ እውነቱን ተናገርኩ። እንዲህ ከቀጠልኩ ወገቤ እንደማያከርመኝ አውቀዋለሁ። «ያመኛል» አልኩት፤ «ሲነጋ ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳው።» አስረስ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፣ ሞኟ!

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ወገብ ያላቸው ሰዎች ተደርድረዋል፣ መሀላቸው አንዲት ቀይ።

«ጠረጴዛው የሁሉም አንድ ነው» አለኝ። «ሌሎቹን ምንም አላላቸውም። የታመመው ያንቺ ወገብ ነው፤ ከዐረብ አገር ይዘሽው መጥተሽ ይሆናል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እንደዚያ አይነበብም!» አለ አስረስ። ማን ሰምቶት! ሄደሽ ታከሚ ተባልኩና ከሥራ ተሰናበትኩ።

አሚናት እስከ በሩ ሸኘችኝ። «አብሽሪ፣ ዙለይሃ» አለችኝ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ግን አቅፋኝ ቀና ስትል፣ ሰው እንዳይሰማት ጥርሷን ነክሳ ስታቃስት አየሁና ተውኩት። እሷም እኮ ልጆች አሏት።

ወር ሙሉ ሥራ ፈለግሁ። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ማን ሥራ አለው? መሐላዬን በልቼ ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ዘንድ ሄድኩ፤ ቪዛው ቶሎ መጣ።

መስኡዳ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን እየሠራሁላት እንደምሄድ ነገርኳት። ስታለቅስ እንዴት እንደማባብላት ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። አላለቀሰችም።

«እሺ» አለችኝ፣ ዞርም ሳትል። «አንቺ ስትመለሺ እኔ ለመሄድ እደርሳለሁ፣ አይደል?»