ቱቦላሬው ውስጥ የቀረው ማግኔት

እናቷ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትበይደው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የእውነት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ብረትን ከብረት ለማያያዝ መጀመሪያ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ይደረግበታል፣ ዋናው ብየዳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አንዱ እጅ የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ይዟል፣ ሌላው እጅ ብረቱ እንዳይንሸራተት ደግፏል፣ ማስኩ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ማስክ ነው፣ እና ማን ይያዘው? ሦስት እጅ ይዞ የተወለደ የለም። ስለዚህ እናቷ ታነጣጥራለች፣ ዓይኗን ጨፈን፣ ፊቷን ዞር፣ ጠሽ። እንደገና ጨፈን፣ ዞር፣ ጠሽ። በቀን መቶ ጊዜ። አንድም ቀን ስታ አታውቅም፣ ኩራቷም ይሄው ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ዓይኗ ደም መስሎ፣ አሸዋ የተበተነበት ያህል እየቆረቆራት፣ በስሱ የተቆረጠ ድንች ዓይኖቿ ላይ ለጥፋ ጋደም ትላለች። ልጅቷ ሕፃን ሆና እናት የተባለች ሁሉ ጠዋት ጠዋት ድንች የምትለጥፍ ይመስላት ነበር።

ልጅቷ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ግራይንደር፣ ያንን ብረት የሚቆርጠውን ማሽን፣ ካልነካሁ ብላ እናቷን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቅ ኖራለች። ሌላው ሰው ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፣ እሷ ግን ብልጭታው ሲረጭ ልቧ ድው ድው ይላል፣ በቃ ፍቅር ነው። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ እናቷ በመከራ እሺ አለች። አንድ ትልቅ የግቢ በር ታዞ ነበር፣ ባለ ሁለት ምሰሶ፣ እና በሩ እስኪያልቅ በሙከራ ትሠራለች። ደህና ከሠራች ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ግራይንደሩ የእሷ ነው። ካሳፈረቻት ግን የዚያኑ ቀን ወደ ቤት፣ ሁለተኛም አይነሣ ተባለ።

እሷ ምን አደረገች? በመጀመሪያው ቀን የዋና መነጽር አድርጋ መጣች። ሰማያዊ፣ ባለ ላስቲክ፣ ዓይን ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለጠፍ።

እናቷ ብየዳ ቤት የሥራ መነጽር ጠፍቶ አልነበረም። አንድ አለ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ግን ከመጫጫሩ የተነሣ በእሱ ማየት በረጠበ ፌስታል ውስጥ እንደማየት ነው። አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ እሱን አድርጌ ብቆርጥ የምቆርጠው ጣቴን ነው ይላል፣ እውነቱን ነው ደግሞ። አጎትየው የቤቱ ቆራጭ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በሩን የሚያልፍ፣ ሲስቅ ላሜራው ሁሉ አብሮት የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። የዋና መነጽሩን ሲያይ የያዘውን ብረት ጥሎ ተቀመጠ። እንባው እስኪወርድ ሳቀና «እንቁራሪት» አላት። በቃ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሟ እንቁራሪት ሆነ።

ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅሳለች። እሷ ግን በምሳ ሰዓት ነጭ ቀለም ፈልጋ ላስቲኩ ላይ በትልቁ «እንቁራሪት» ብላ ጻፈችበትና መልሳ አጠለቀችው። እኔ ራሴ ካልኩት እንግዲህ ምን ትሉኛላችሁ፣ ነው ነገሩ። ከሰዓት በኋላ የበሩ ባለቤት ሥራውን ልታይ መጣች፣ እና እናቷ ጥርሷን ነክሳ፣ አውልቂው፣ ሰው ፊት መሳቂያ አታድርጊኝ አለቻት። እንቁራሪት ግራይንደሩን አጠፋች፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ እጇን አጣጥፋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ያለሱ አልነካውም አለች። ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም። ባለቤትየዋ ግራ ገብቷት አንዴ እናትየውን አንዴ ልጅቷን ታያለች፣ ሥራው ቆሟል፣ እናትየው ፊቷ ቀላ። መጨረሻ ላይ «በይ ሥሪ፣ ሥሪ» አለች። ግን ዓይኗ፣ ቆይ ቤት እንገናኛለን የሚል ዓይን ነበር።

አሁን ስለ ማግኔቱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የእሱ ነው። ከመነጽሩ አጠገብ፣ ሌላ ምስማር ላይ፣ ክብ ማግኔት ተሰቅሏል፣ ከተሰበረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ የወጣ። አጎቷ «ክሊኒኩ» ይለዋል። አንድ ሰው ዓይን ውስጥ ብናኝ ሲገባ፣ አጎትየው ሰውየውን በርጩማ ላይ ያስቀምጣል፣ የዓይኑን ቆብ በክብሪት እንጨት ይገለብጣል፣ ማግኔቱን ዓይኑ ድረስ ያስጠጋል፣ እንቢ ካለው በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ዓይን አክሜያለሁ፣ አንድም ሰው አላሳወርኩም ብሎ ይፎክራል። ሐኪም ቤት ሄዶ ወረፋ ከመጠበቅ ይሻላል እያሉ ከጎረቤት ሁሉ ይመጡ ነበር።

እንቁራሪት ግን አንድ ነገር ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ጎረቤታቸው አናጢው ምስማር ሲመታ ቅንጣቢዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታ፣ አጎቷ ሲያክመው ክብሪት እንጨቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ማግኔቱ ዓይኑን ሲነካው አይታለች። ሸሚዙ ሲጠርግ ቅንጣቢዋ ይበልጥ ስትገባ አይታለች። አናጢው ዛሬ በዚያ ዓይኑ የሚያየው ጭጋግ ብቻ ነው፣ አንዱን ጣውላ ሁለት ሦስቴ ይለካል፣ ግን ጥፋቱ የምስማሩ ነው ይላል። እሷም ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። አንደኛው ምሰሶ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ወፍራም የብረት ቱቦላሬ፣ አፉ እንደተከፈተ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ የሚቀረው ላዩን መክደን ብቻ ነው። እንቁራሪት የበሩን ማጠፊያ በጥንቃቄ ስትቆርጥ አጎቷ አላስችል ብሎት፣ አንቺ እስክትጨርሺ እኔ አረጃለሁ ብሎ ግራይንደሩን ከእጇ ወሰደው። ያለ መነጽር ነው እንግዲህ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከራሱ በላይ ያለውን ሊቆርጥ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ግራይንደሩ ዝም አለ፣ አጎትየው በአንድ እጁ ዓይኑን ይዞ ቆሟል። አልጮኸም። ልክ ለሌላ ሰው እንደሚያዝዘው በእርጋታ «ማግኔቱን» አለ።

እናቷ ወደ ምስማሩ ሄደች። እንቁራሪት ግን ቀደመቻት።

«አምጪው» አለች እናቷ።

«አላመጣም።»

«ልጄ፣ የጨዋታ ሰዓት አይደለም። አጎትሽን አታዪውም?»

«አየዋለሁ። አናጢውንም አይቼዋለሁ። እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነኝ እማ። ማግኔቱ አይደለም ያወጣለት፣ ማግኔቱና ሸሚዙ ናቸው ያስገቡበት።»

አጎቷ በደህናው ዓይኑ አፈጠጠባት። አሥራ አንድ ዓመት የተፎከረበት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነካ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም መቼም። ይህቺን እንቁራሪት ከፊቴ አንሡልኝ አለ፣ እናትየውም እጇን ዘርግታ መጣች። እንቁራሪት ወደ ኋላ አለች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ጀርባዋ ምሰሶው ላይ እስኪደርስ። ከዚያ ምን እንደነካት እሷም አታውቅም፣ እጇ ብቻውን ነው የሄደው፣ ማግኔቱን በቱቦላሬው አፍ ወደ ውስጥ ለቀቀችው።

ቷ አለ። መሃል ላይ ደርሶ ተለጠፈ።

እናቷ ምሰሶውን ነቀነቀችው፣ በመዶሻ መታችው፣ ረጅም ብረት ከታ ጎረጎረችው። ማግኔት እኮ ነው፣ ብረት ውስጥ ነው ያለው፣ ወዴት ይሄድላታል። አጎትየው ልጅሽ ክሊኒኬን ከነነፍሱ ቀበረችው አለና የሸሚዙን ጫፍ ወደ ዓይኑ አነሣ። እንቁራሪት ዘላ እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ አትሸው። የፈለግከውን ስደበኝ፣ ግን አትሸው።»

የውሃ መጠጫ የወረቀት ኩባያ አነሣች፣ ወገቡ ላይ ቆረጠችው፣ ቂጡን የታመመው ዓይን ላይ ደፋችና ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈች፣ እጅም ሸሚዝም እንዳይደርስበት። እናቷ የብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን አዋርደሽ ከዚህ ከወጣሽ፣ ተመልሰሽ እንዳትመጪ አለቻት። ሦስት ዓመት የለመነችው ነገር እኮ ነው። ግን እንቁራሪት እሺ አለች፣ አጎቷንም ክንዱን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ወጣች።

መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ኩባያ ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ የዋና መነጽር ግንባሯ ላይ ያደረገች ልጅ እየመራችው። አጎቷ ሲሰድባት ሄደ፣ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ መነጽሯን፣ ከዚያ ያሳደጋትን ሰው ሁሉ ሰደበ፣ ያሳደጋት ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ዝም አለ።

የዓይን ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ኩባያውን ስታይ ማን ለጠፈልህ አለችው፣ እሱም እንደ ክስ አድርጎ ይህቺ አላት። ሐኪሟ እንቁራሪትን አየት አድርጋ፣ ጎበዝ፣ ስትል ልጅቷ ሁለት ሜትር የረዘመች መሰላት። የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጋ፣ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ፣ በቀጭን መርፌ አወጣችው። ጥቁር ነጥብ፣ የቁንጫ ግማሽ የማታክል። ላዩ ላይ ነች፣ ብታሸው ኖሮ ትገባ ነበር አለችው። ከዚያ የዋና መነጽሩን አነሣችና ይሄስ ምንድነው ብላ ጠየቀች። እንቁራሪት በኩራት ስታስረዳ፣ ሐኪሟ በጣቷ መታ መታ አደረገችውና ይሄ የሚከለክለው ውሃ ነው፣ የተሰበረ የግራይንደር መቁረጫ ዲስክ ሲመጣ እሱም አብሮ ነው ዓይንሽ ውስጥ የሚገባው፣ ጠንካራና ጎኑ የተሸፈነ የሥራ መነጽር አድርጊ አለቻት። አጎትየው በዚያ ሁኔታው እንኳን ሳቀ። እሷ ትንሽ አፈረች፣ ግን ትንሽ ብቻ።

አጎቷ ግን እጁን አልሰጠም። ነጥቧን በፋሻ ጠቅልላ እንድትሰጠው ሐኪሟን ለመነ። ብረት ነች፣ ማግኔቴ በአንዴ ይስባት ነበር፣ አሳያችኋለሁ ይላል። ብየዳ ቤት ሲደርሱ እናቷ ምሰሶው አጠገብ ቆማለች፣ አንድ ነጥብ እንኳን አልበየደችም። ምሰሶው ወገብ ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጢም በቅሎ ነበር፣ ማግኔቱ ከውስጥ ስቦት፣ እዚህ ነኝ የሚል ይመስል። አጎትየው ፋሻውን ፈታ፣ ነጥቧን በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ጢሙ መሃል አደረጋት።

ወደቀች።

መዳፉን ከሥር ዘርግቶ ነበርና ተቀበላት፣ እንደገና አደረጋት። ወደቀች። ዙሪያዋን ያለው ብናኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እሷ ግን እንደ ድንጋይ ዱብ። ድንጋይ ስለሆነች ነዋ። ከብረቱ አይደለችም፣ ከራሱ ከመቁረጫው ዲስክ የተፈናጠረች ድንጋይ ነች፣ ማግኔቱን ዓይኑ ላይ እስከ ማታ ቢያንከባልለው ንቅንቅ አትልም ነበር። አጎትየው በርጩማው ላይ፣ በሽተኞቹን በሚያስቀምጥበት በርጩማ ላይ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አናጢውን…» አለና አልጨረሰውም። ነጥቧን መልሶ በፋሻው ጠቀለላትና፣ ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ይዤው ሄጄ፣ ምን እንዳደረግኩት እኔው ራሴ እነግራታለሁ አለ።

እናቷ ወደ ልጇ ዞረች።

«ተመልሰሽ እንዳትመጪ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ጋሼን ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«ካደረስሽ እንግዲህ፣ ክዳኑን ያዢልኝ። ይሄ ነገር እዚያው ውስጥ ይዘጋበት።»

ምሰሶውን መሬት ላይ አጋደሙት፣ እናቷ ኤሌክትሮዱን አነሣች፣ አነጣጠረች፣ ፊቷን ልታዞር ስትል ክዳኑ ተንሸራተተ። እንቁራሪት ለቃዋለች።

«ማስኩን ካላደረግሽ አልይዝም።»

ወይ ድፍረት። ገና አሁን ይቅር የተባለች ልጅ እኮ ነች። እናትየው ልጇን አየቻት፣ ያችን ግንባሯ ላይ ያለች ሰማያዊ መነጽር አየቻት፣ ከዚያ ምን ላድርግ፣ ሥራውን ይዘሽብኛል፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን አምጪው አለች። ሳጥኑ ውስጥ ራስ ላይ የሚታሰር ማስክ ነበር፣ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ እንኳን ያልተፈታ፣ ምክንያቱም እናቷ ማስክ የሚያስፈልገው መበየድ ለማይችል ነው ትል ነበር። እንቁራሪት አሰረችላት። እሷ የእጁን ማስክ ፊቷ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ክዳኑን ያዘች። የሁለት ሰው አራት እጅ፣ እንደዚህ ቀላል ነበር እኮ። እናቷ በራሷ ነቀነቅ ስታደርግ ማስኩ ዱብ ብሎ ፊቷን ሸፈነ።

ጠሽ።

ቀና አላለችም። ከማስኩ ውስጥ ድምፅዋ ቀጥኖ መጣ።

«ለካ ሲቀልጥ እንዲህ ያምራል» አለች። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሷን ነጥብ ስትወለድ አይታት አታውቅማ።

በሩ ተገጠመ። ከሳምንት በኋላ ባለቤትየዋ ደውላ፣ በሩስ ደህና ነው፣ ግን ቁልፌን ምሰሶው ላይ ሳስጠጋው ለጠፍ ይላል፣ ምንድነው ነገሩ ብላ ጠየቀች። ስልኩን ያነሣው አጎትየው ነው። ፊቱ ላይ አዲስ፣ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ነበር፣ ክሊኒኩ የነበረበት ምስማር ላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት ተሰቅለዋል፣ የአንደኛው ላስቲክ ላይ በነጭ ቀለም «እንቁራሪት» ይላል። «ለእርስዎ ብለን የጨመርነው ነው እትዬ» አላት፣ «ቁልፍ እንዳይጠፋብዎት።» እንቁራሪት ሳቋን ለመደበቅ ግራይንደሯን አስነሣች።