ሁለት ዛፍ የወጣው ሞተር

ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሞተር ሳይክልን ድምፅ ብቻ ሰምተው በሽታውን የሚናገሩ መካኒክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉ መንገዱን ሲሞላው ግን ጋራዡ ጭር አለ። «እንግዲህ የእኛ ነገር አበቃ» ብለው ቤት ዋሉ።

ሞተር ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ የሆነችው ልጃቸው አንድ ጠዋት መጣች።

«አባዬ፣ ተነስ፤ የማሳይህ ሞተር አለ።»

«የባትሪ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«የቤንዚን ነው። አዲስ።»

«በዚህ ዘመን? ምን ዓይነቱ ሞኝ ነው የሠራው?» አሉ፤ ጫማቸውን ግን እያሰሩ ነበር።

መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ሞተሩ ብረት አልጋ ላይ ታስሯል። መሐንዲሶቹ የጆሮ መከለያ ሲያደርጉላቸው ተቆጡ። «ጆሮዬን ደፍናችሁ ምኑን ልስማ?» ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ሞተሩ ተነሳ። ዙሩ ጨመረ፣ ጨመረ፤ ድንገት ከመዳፋቸው ሥር ሌላ ሞተር የገባ ይመስል ምቱ ተለወጠ። ጣታቸውን ቀሰሩ። በዚያችው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ዘለለ። መሐንዲሶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ክፈቱልኝ» አሉ ሞተሩ ሲጠፋ።

ሲቀዘቅዝ ልጅቷ ከፈተችላቸው። ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ ላይ ሁለት ዓይነት ጉብታ አለ፤ ለዝግታው ዝቅ ያለ፣ ለፍጥነቱ ከፍ ያለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው፣ በዘይት ግፊት የምትንሸራተተው ፒን የጣት አንጓ አታህልም።

ጋሽ ጆሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንበኛውን «ዳገት ይጎትትልህ ወይስ ሜዳ ላይ ይብረርልህ? አንዱን ምረጥ» ሲሉ ነው የኖሩት። ያንን ጉብታ በሞረድ ሲሞርዱ፣ አንዱን ሲያገኙ ሌላውን ሲያጡ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ስል ኖሬ…» ፒኗን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። «ይኸው ወጣ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ኤሌክትሪኩ ጥሎን እየሄደ መሆኑን እናውቃለን አባዬ።»

«ታዲያ ምን አደከማችሁ?»

«ሞተሩ ገና የሚችለው ነገር ነበረዋ።»

መሳቢያ ሳበች። በአራት ዓመት ሙከራ የተሰበሩ ፒኖች እንደ ስንዴ ተከምረዋል። አባት ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ አንዷን ስባሪ አነሱ።

«ይህቺን ልውሰዳት?»

«ኧረ ደህናዋን ልስጥህ!»

«ተይ፤ ደህናዋ ሥራ አለባት» ብለው ስባሪዋን በመሀረባቸው ቋጠሯት።