አንደኛዋ የገበሬ ልጅ

እናቴ «ምጥሽ የያዘኝ በርበሬ ስደልዝ ነው» ትለኛለች፤ ለቁጣዬ ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ጓድ መዝገቡ ቢሯቸው አስጠርተው «ገዲሴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ አንደኛ ወጥተሻል» ሲሉኝ ደስ በመሰኘት ፈንታ ተናደድኩ። ከስምንተኛ ክፍል አንደኛዋ ሐሚዳ መሆኗን ዘበኛው እንኳ ያውቃል። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሁለተኛነቴንም ያገኘሁት ከሂሳብ ጋር ስተናነቅ ከርሜ፣ በላቤ ነው።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ አንደኛዋ ሐሚዳ ናት እኮ» አልኩ።

«ሐሚዳ ንዑስ ከበርቴ ናት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኩፍኝ የያዛት ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የተማሪን ውጤት ሲያሳውቅ መደቧንም አብሮ ይናገራል፤ ከወዛደር ልጆች ስንቷ አለፈች፣ ከገበሬ ስንቷ፣ ከነጋዴ ስንቷ። ባለፈው ዓመት የኛ የሴቶች ትምህርት ቤት አንደኛ የወርቅ ሠሪ ልጅ ሆና ጓድ መዝገቡ በስብሰባ ሲወቀሱ ውለዋል። ዘንድሮ ደግሞ በወላጆች ቀን ካድሬው ጓድ በኃይሉ ራሳቸው ሊመጡ ነው። እኔ የለቡው ገበሬ የዱጉማ ልጅ ነኝ፤ ሐሚዳ ነፋስ ስልክ ላይ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ሱልጣን ልጅ ናት።

«የበለጠችሽ በሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ ምን አላት? በትግል የምትደፈን ክፍተት ናት!» አሉ ጓድ መዝገቡ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ሳያምረኝ አልቀረም። የከለከለኝ የሐሚዳ ጣጣ ነው። ጋሽ ሱልጣን «አንደኛ ከወጣሽ ዘጠነኛ ትገቢያለሽ፤ ካልወጣሽ ሱቅ ትቆሚያለሽ» ብለዋታል። እሳቸው ደግሞ በሰፈሩ የታወቁት በቁርጥ ዋጋ ነው። ሳሙና ቀንሱልኝ ብላ የለመነቻቸውን አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው በሙሉ ዋጋ የሸኙ ሰው ናቸው። ወረቀትም አያምኑም፤ «ወረቀት ሰው የሚጽፈው ነው፤ በሕዝብ ፊት ስትጠሪ በጆሮዬ ልስማ» ብለዋል።

ለሐሚዳ ስነግራት አላለቀሰችም። «ስኳር የምንመዝንበት ጋ ዱካ አለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ እሷ ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ» አለችኝ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ጓድ መዝገቡ ከድራማ ክበብ የመጣ የካርቶን ማጭድ አስያዙኝ።

«እኛ ቤት እውነተኛው አለ እኮ፤ ቢነግሩኝ አመጣው ነበር» አልኩ።

«የእናንተው ዝጓል» አሉ።

አባቴ ከለቡ በእግሩ መጥቶ፣ የበዓል ጋቢውን ደርቦ ፊት ተቀምጧል። ጋሽ ሱልጣን በሩ አጠገብ ቆመዋል። ታመው እንኳ የማይዘጉትን ሱቅ ዘግተው ነው የመጡት፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

«ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ፣ የጭቁኑ ገበሬ ልጅ፣ ገዲሴ ዱጉማ!» ብለው ጓድ መዝገቡ በማይክሮፎኑ ጠርተው መድረክ ላይ አወጡኝና ተቀመጡ።

ጭብጨባው ቀለጠ። አባቴ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉትም እምቢ አለ። ጋሽ ሱልጣን ቁልፋቸውን ጨብጠው ለመውጣት ዞሩ። ሐሚዳ አንገቷን ደፋች።

«ውሸት ነው» ብል ፀረ አብዮት ልባል ነው። ድንገት ዓርብ ዓርብ የምንቀመጠው ሂስና ግለ ሂስ ትዝ አለኝ። ደንቡን ያስተማሩን ራሳቸው ጓድ መዝገቡ ናቸው፤ ራሱን የሚሂስ ሰው አይቋረጥም።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ!» አልኩ በማይክሮፎኑ።

ጓድ መዝገቡ ብድግ አሉ። ጓድ በኃይሉ ግን በእጃቸው መለሷቸው። «ግለ ሂስ አይቋረጥም! ቀጥይ።»

«በእንግሊዝኛ ላይ ስንፍና አሳይቻለሁ። ማጥናት ሲገባኝ ከጥጃ ጋር ስላፋ ውያለሁ። በዚህ ድክመቴ የተነሣ ሐሚዳ ሱልጣን በልጣኛለች፤ አንደኛዋ እሷ ናት። በሚመጣው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ልበልጣት ቃል እገባለሁ። እንድበልጣት ግን መጥታ መማር አለባት!»

ጋሽ ሱልጣን ከበሩ ተመለሱ። የጓድ መዝገቡ ፊት አመድ መሰለ።

«የሐሚዳ አባት ማነው?» አሉ ካድሬው።

«እኔ ነኝ።»

«ሥራዎ?»

«ሱቅ አለኝ።»

ጓድ መዝገቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ካድሬውም ቢሆኑ አንደኛዋ የገበሬ ልጅ ናት ብለው ለበላዮቻቸው አስቀድመው ተናግረው ኖሮ ትንሽ አሰቡ። «ከሱቁ ጀርባስ ምን አለ?»

«ጎመን። ትንሽ እንሰትም አለችኝ።»

«ማን ያለማዋል?»

«እኔው እኮተኩታለሁ።»

«ገበሬ!» ብለው ፈረዱ። ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ።

ጓድ መዝገቡ ነፍሳቸው መለስ ሲል ቂማቸውን በአባቴ ላይ ተወጡ። «ዱጉማ፣ እርስዎ ነፋስ ስልክ ድረስ ወተት እያመጡ ይሸጡ የለም እንዴ?»

«ጠዋት ጠዋት አመጣለሁ» አለ አባቴ፣ የተመሰገነ መስሎት።

«ንዑስ ከበርቴ!»

ጋሽ ሱልጣን ሐሚዳ ፊት ቆሙ። «ዘጠነኛ» አሉ። ሐሚዳ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ወደ ለቡ ስንመለስ አባቴ ከፊቴ ከፊቴ ተጓዘ። ቅር አሰኝቼው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ማጭዱን ተቀብሎኝ በአውራ ጣቱ ሞከረው።

«ያ ገዲሴ» ብሎ በኦሮምኛ ጠራኝና «ንዑስ ከበርቴ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሱቅ ያለው ሰው ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ሱቄን የት አደረጉት?» አለና እየሳቀ አቀፈኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ ሐሚዳ ዘጠነኛ ክፍል አጠገቤ ተቀመጠች። ቃሌን ላከብር ጥጃውን ትቼ ዓመቱን ሙሉ አጠናሁ። ሰኔ ላይ ውጤት ሲነገር ያቺ የገበሬ ልጅ በአምስት ነጥብ በለጠችኝ።