የማያረጀው በለዝ

ታፔላ ጻፊው ከመሰላል የወደቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለመታሸት የተመላለሰው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ። ምን ያድርግ፣ ነገሩ የጀመረው በእውነት ነበር። ክርኑ በልዞ መድኃኒት ቀማሚዋ ሱቅ ሲገባ፣ ከተራራ የሚመጣው ቢጫ አበባ የተዘፈዘፈበትን ዘይት በመዳፏ አሙቃ አሸችው። «ለወለምታና ለበለዝ ከአያቶቻችን ጀምሮ ይኸው ነው፤ የተከፈተ ቁስል ግን አይነካም፣ አይቀመስምም» አለችው። እሱ እቴ፣ አንዱንም አልሰማም። ልቡ ጥፍት ብሎ ነበር።

ክፋቱ፣ ክርኑ በሳምንቱ ዳነ። እንደ እሱ በመዳኑ ያዘነ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ደግነቱ የቀለም ሰው ነው፤ በዘይት የማይለቅ ሐምራዊ ቀለም መረጠና ክርኑ ላይ የሚያምር በለዝ ሣለ። በየማለዳው እያደሰ፣ እያቃሰተ ይሄዳል፤ ትንፋሹን ውጦ ይታሻል፤ እየበረረ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን የዳቦ ቤቱ ታፔላ ላይ ማንም ሳያዘው ቢጫ አበባ ሣለበት፤ ዳቦ ጋጋሪው እስካሁን ግራ እንደገባው ነው።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ቀማሚዋ ነገ ለአበባ ለቀማ ተራራ ልትወጣ ነው፤ ሁለት ወር አትመለስም። ዛሬ ካልነገራት አለቀለት። መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣው ንግግር እጇ ክርኑ ላይ ሲያርፍ ብን አለ።

«በጣም ያምሃል?» አለችው።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ።»

«አይ አንተ። በለዝ እኮ ዕድሜ አለው» አለች፣ ማሸቷን ሳታቆም። «መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ አረንጓዴ ይላል፣ በሳምንቱ እንደዚህ አበባ ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ያንተ በሦስት ሳምንቱም ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲቀላቅል ኖሮ ይህን አላሰበም። ለነገሩ በለዙ የእውነት በነበረበት ሳምንት ሲያይ የከረመው የእሷን ፊት እንጂ ክርኑን መች ሆነና።

«መቼ ዐወቅሽ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«በስምንተኛው ቀን።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መድኃኒት ለምን አባከንሽብኝ?»

«የምን መድኃኒት? አበባው ለታመመ ሰው ነው። አንተን ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ ዘይት ነው ያሸሁህ።»

ታፔላ ጻፊው በጣቶቹ ቆጠረ። ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ፣ በባዶ ዘይት። ነገሩ እየቆየ ሲገባው ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ ደረሰ።

«የምወጣው በማለዳ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከክርኑ ሳትነቅል። «ቅርጫት የሚሸከምልኝ፣ እጁ ጤነኛ የሆነ ሰው ታውቃለህ?»

በር ላይ የተደረደሩትን ቅርጫቶች፣ ሁሉንም፣ በዚያው በበለዘው እጁ ብድግ አደረጋቸው።